ብርሃን የሚቀሰቅሰው መድኃኒት

ዶክተር ሄለን ነፃነትን ከአባቷ አልጋ ራቅ አድርገው ኮሪደሩ ጥግ ላይ አቆሟት። ነገር የሚያዞሩ ሐኪም አይደሉም።

"ቁስሉ አጥንት ውስጥ ገብቷል" አሉ። "ባክቴሪያው ያለንን መድኃኒት ሁሉ ችሎታል። ሲፕሮውም፣ በደም ሥር የሰጠናቸውም አልነካውም። አንቺ የሙያው ሰው ስለሆንሽ አላድበሰብስብሽም። ሰኞ ከጉልበት በታች መቁረጥ አለብን።"

"ካልተቆረጠስ?"

"ወደ ደም ከገባ የምናጣው እግራቸውን ብቻ አይሆንም።"

ነፃነት ሲግናል አካባቢ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ መድኃኒት የማይበግራቸውን ባክቴሪያዎች ታጠናለች። በየቀኑ በትንንሽ ሳህኖች ላይ ሲራቡ ታያቸዋለች፣ ጓንት አጥልቃ ታነሳቸዋለች፣ ማታ እጇን ታጥባ ትታቸው ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ከመካከላቸው አንዱ አባቷ እግር ውስጥ ይገኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

አባቷ አቶ ዲንሳ እንጦጦ ላይ ገብስና ድንች እያመረቱ፣ ባሕር ዛፍ እየቆረጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያው ከግንዱ ላይ ተንሸራቶ ቅልጥማቸው ላይ አረፈ። በመጀመሪያ ቁስሉን ናቁት። ሲመግል ደግሞ ይድናል ብለው ጠበቁ። ነፃነት ሰምታ ሐኪም ቤት ስታስገባቸው እግራቸው እንደ ጉማጅ ግንድ አብጦ ነበር።

ስለ መቆረጡ ሲነገራቸው ሐኪሟን፣ "ሰኞ ከሆነ እሑድን ቤቴ ልዋል። በሁለት እግሬ የሠራሁትን ቤት በሁለት እግሬ ልሰናበተው" አሏቸው።

ዶክተር ሄለን አልወደዱትም። ግን ሽማግሌው ሐሳባቸውን የሚቀይሩ ስላልመሰሏቸው፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ሰዓት እንዲመለሱ አስጠንቅቀው ለቀቋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ነፃነት ቤተ ሙከራ ገባች። የሥራ ባልደረባዋ ጁነይድ ቀድሟት ደርሶ ነበር። ጁነይድ ኬሚስት ነው። ላለፉት ዓመታት ሲደክምበት የኖረው፣ ሰው ሁሉ ሲፕሮ እያለ ከሚያውቀው መድኃኒት ቤተሰብ አንዱን ወስዶ ቅርፁን መለወጥ ነበር። የተለወጠው መድኃኒት ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ እንደተኛ ነው፤ ምንም አይሠራም። ሐምራዊ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ይነቃል፤ ሌላ መድኃኒት ያልደፈረውን ባክቴሪያ ያቃጥለዋል።

ጠረጴዛው ላይ ግማሹ በብር ወረቀት የተሸፈነ ሳህን ተቀምጧል። ከሐኪም ቤቱ የተላከ ናሙና ነው። ሐኪም ቤቱ እንዲህ ያሉ አስቸጋሪ ባክቴሪያዎችን ለምርምር ይልክላቸዋል፤ ይሄኛው የማን እንደሆነ ነፃነት ታውቃለች። ጁነይድ ወረቀቱን ገለጠው። ጨለማ የነበረው ወገን ባክቴሪያው እንደ ሻጋታ እርጎ ነጭ ሆኖ ተንጣልሎበታል። ብርሃን ያገኘው ወገን ግን ጥርት ያለ ነበር፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አልበቀለበትም።

"ይሄ የአባቴ ነው" አለች ነፃነት።

"አውቃለሁ። ምን እያሰብሽ እንደሆነም አውቃለሁ። አይሆንም።"

"ሳህኑን አይተኸዋል አይደል?"

"አይጦቹንም አይቻቸዋለሁ" አለ ጁነይድ። "አንቺም አይተሻቸዋል።"

አይታቸዋለች። መድኃኒቱን ጀርባቸው ላይ ከቀቧቸው አይጦች መካከል ጥቂቶቹ በማግስቱ መስኮት አጠገብ ውለው ነበር። ቀኑ ሳይመሽ ቆዳቸው ቀላ፣ ውኃ ቋጠረ፣ በኋላም ጠቁሮ ተላጠ። ሦስቱ ሞቱ።

"መድኃኒቱ የኛን መብራት ከፀሐይ አይለይም" አለ ጁነይድ። "ባክቴሪያንም ከቆዳ አይለይም። ከሰውነት መቼ ተጠርጎ እንደሚወጣ እንኳ ገና አናውቅም። ሰው ላይ አልተሞከረም፤ ፈቃድም የለንም። ሌላ ምን ልበልሽ?"

"ሰኞ እግሩን ሊያጣ ነው፣ ጁነይድ።"

"ገብቶኛል። አዝናለሁም። ግን አይሆንም።"

እኩለ ቀን ላይ ጁነይድ ለሶላት ሲወጣ ነፃነት ብቻዋን ቀረች። ማቀዝቀዣውን ከፈተች። መድኃኒቱ ያለባትን ጥቁር ቡናማ ጠርሙስ አውጥታ፣ ግራ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በክንዷ ውስጠኛ ወገን ላይ አንድ ጠብታ አኖረች። ሐምራዊውን መብራት አበራችበት። ጠበቀች። ትንሽ ሙቀት ከመሰማት በቀር ምንም አልሆነም። በሳሙና ደጋግማ ታጠበችው፤ ቆዳዋ እንደ ድሮው ነበር።

'ይኸው ምንም አላደረገም' አለች በልቧ። የማታምነውን ሰው እንደምታሳምን ሁሉ ደግማ ደጋግማ ለራሷ ነገረችው። ከዚያ ጠርሙሷን በብር ወረቀት ጠቅልላ ከትንሿ ሐምራዊ የእጅ መብራት ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሰማዩ ከብዶ ነበር። ከሲግናል በታክሲ ቀበና ወርዳ፣ ከዚያ ፈረንሳይ ሰፈር የሚወጣውን ያዘች። ታክሲው ሲቆም ሁሉ ፖሊስ የሚገባ፣ ረዳቱ ቦርሳዋን እንድትከፍት የሚጠይቃት ይመስላታል። ከፈረንሳይ በላይ መኪና የሚሄድበትን ትታ በባሕር ዛፎቹ መካከል ያለውን አቋራጭ ስትጀምር ደመናው ገና አልተገለጠም።

እናቷ ወይዘሮ ብርቄ በር ላይ ተቀበሏት። ቤቱ ውስጥ የቁስል ሽታ አለ። አባቷ መደቡ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ጋደም ብለዋል፤ እግራቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ፊታቸው በሁለት ቀን ውስጥ ከስቶባታል።

"ትኩሳት አለ?" አለች ነፃነት ግንባራቸውን በእጇ እየዳሰሰች።

"የለም" አሉ እናቷ። "ሕመሙ ነው እንጂ። ሌሊቱን ጥርሱን ሲያፋጭ ነው የሚያድረው። አንቺ ግን ምን ይዘሻል?"

"ምን ያዝኩ?"

"ከገባሽ ጀምሮ ቦርሳሽን ከብብትሽ አላወረድሽም።"

ነፃነት ልትዋሽ አሰበች። ግን እናቷን ዋሽታ አሸንፋ አታውቅም። "መድኃኒት ነው፣ እማዬ። ገና የተሠራ ነው። ሰው ላይ አልተሞከረም።"

"ይሠራል?"

"ሳህን ላይ ይሠራል። የአባዬን ባክቴሪያ ገድሎታል።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ብርሃን ይፈልጋል። ብርሃን ካላገኘ ዝም ብሎ ውኃ ነው። ነገ ጠዋት ቁስሉን በደንብ አጽድቼ፣ ተረጋግቼ አደርገዋለሁ። እስከዚያ አትንኩት።"

ይህን ሲሰሙ የእናቷ ፊት ፈካ። ከመጥረቢያው ቀን ጀምሮ ነፃነት ያን ፊት አላየችውም ነበር። ስለ አይጦቹ ልትናገር አፏን ከፈተች። የተቃጠለ ቆዳቸውን፣ የሞቱትን ልትነግራቸው ፈለገች። ፊቱ ተመልሶ ሲጠወልግ ታያትና ቃሉን ዋጠችው።

አባቷ ከመደቡ ላይ ሆነው፣ "ያቃጥላል?" አሏት።

"ትንሽ ሊያቃጥል ይችላል፣ አባዬ።"

"ይሁና" አሉ። "የተቃጠለ እግር ከሌለ እግር ይሻላል።"

ጠርሙሷን የእናቷ የልብስ ሣጥን ውስጥ ከነጠላዎቹ ሥር ከተተቻት።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርግ ብሎ ነጋ። ነፃነት ንጹሕ ፋሻ፣ ማጠቢያ ጨዋማ ውኃና ከሥራው በኋላ እግሩን የምትሸፍንበት ጥቁር ጨርቅ ያስፈልጋት ነበር። ፈረንሳይ ወርዳ ልትገዛ ተነሳች። ጫማዋን ስታስር እናቷ ከኋላዋ ቆመው፣ "ብርሃን ያልሽው የመብራት ብቻ ነው ወይስ የፀሐይም ይሆናል?" አሏት።

"የፀሐይም ይቀሰቅሰዋል" አለች ቀና ሳትል፤ ሐሳቧ መድኃኒት ቤቱ ክፍት ይሆን ወይ የሚለው ላይ ነበር። "ቶሎ እመጣለሁ።"

የምትፈልገውን አግኝታ ስትመለስ ፀሐዩ ጠንክሯል። እንጦጦ ላይ ብርዱ ስለሚያታልል ሰው ፀሐዩን ይንቀዋል እንጂ፣ ከክረምት በኋላ የሚወጣው ፀሐይ ዓይን ያስጨፍናል። ዳገቱ ሲያልባት እጅጌዋን ሰበሰበች። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ ለቃ አሳለፈቻቸው።

ትንሽ እንደሄደች ግራ ክንዷን ለበለባት። ሳማ የነካት መሰላትና አሸችው። ሲብስባት ቆም ብላ አየችው። ክንዷ ላይ ቀይ ክብ ነገር ወጥቷል፤ ዳሩ በክብ መስመር የተሰመረ ይመስላል። ጠብታውን ያኖረችበት ቦታ ነው። በሳሙና ደጋግማ ያጠበችው ቦታ። ዓይኗ እያየ መሐሉ ተነፍቶ ውኃ መቋጠር ጀመረ።

ዘላ ከዛፍ ጥላ ሥር ገባች፤ ክንዷን በቀሚሷ ሸፈነችው። ሕመሙ ግን አልቆመም፤ የጋለ ማንኪያ የተጣበቀባት ያህል ወደ ውስጥ ይሰምጣል። አንድ ጠብታ ነው። ታጥቧል። ሌሊት አልፎበታል። እና አሁንም ቆዳዋ ውስጥ ተቀምጦ ፀሐይ ይጠብቅ ነበር።

'እንኳን አባቴን አልቀባሁት' አለች። የጁነይድ ቃል ትክክል እንደነበረ ሲገባት እፎይ ልትል ነበር። ያን ጊዜ የእናቷ ጥያቄ ትዝ አላት። የመብራት ብቻ ነው ወይስ የፀሐይም?

ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች። የሚያነሳ የለም። እጇ ላይ የነበረውን ፌስታል ጣል አድርጋ ዳገቱን መሮጥ ጀመረች። ትንፋሿ ሲቆረጥ ትራመዳለች፣ ትንሽ ሲመለስላት ትሮጣለች። ሽቅብ ስታይ በዛፎቹ ጫፍ መካከል ፀሐዩ ከእሷ ጋር አብሮ ይሄዳል። በሕይወቷ ፀሐይን እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ግቢው ጋ ስትደርስ አባቷ ደጅ ነበሩ። ግድግዳውን ተደግፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሏል፤ የታመመው እግራቸው ሌላ በርጩማ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ፋሻው ተፈቷል። ቁስሉ እርጥብ ነው፤ በዙሪያው ያለው ቆዳ እስከ ጉልበት ድረስ ወዝቶ ያብለጨልጫል። እናቷ ባዶዋን ጠርሙስ በእጃቸው ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል።

"መጣሽ?" አሉ ደስ ብሏቸው። "ሕመሙ ሲጠናበት ጊዜ እስክትመጪ አላስቻለኝም። ጥሩ ፀሐይ ነው፤ ደህና አድርጎ ይቀስቅሰው ብዬ ነው። እብጠቱ ላይም ሁሉ ቀባሁት።"

ነፃነት ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ እግሩ ላይ ጣለችው። "ወደ ቤት" አለች። "እማዬ፣ ያዢው። ቶሎ ወደ ቤት።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ያዢው አልኩሽ።"

በሁለቱም ወገን ይዘው አስገቧቸው። ነፃነት በሩን ዘጋች፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነችው። ቤቱ ይጨልማል ብላ ነበር። ግን ቆርቆሮው አሮጌ ነው፤ በየምስማሩ ቀዳዳ ቀጫጭን የፀሐይ ዘንጎች ጣራውን በስተው ይወርዳሉ፤ አንዱ መደቡ ላይ፣ ሌላው መሬቱ ላይ፣ ሌላው የአባቷ ጉልበት ላይ ያርፋል። ሌላ ጊዜ ማንም ልብ አይላቸውም። አሁን እያንዳንዱ እንደ ጋለ ወስፌ ታያት። አባቷን ከአንዱ ስታሸሽ ሌላው ላይ ትጥላቸዋለች። በመጨረሻ እግራቸውን መደቡ ሥር ካለው ጥግ አስገብታ በጋቢ ከለለችው፤ ከዚያ ከእንስራው እየቀዳች በጨለማ ውስጥ በዳሰሳ አጠበችው።

"ሙቀት ብቻ ነበር የሚሰማኝ" አሉ አባቷ። ድምፃቸው መሻከር ጀምሯል። "አሁን ግን እሳት ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል፣ ነፃነት።"

እናቷ በሩ ሥር ቆመው፣ "ምን አደረግኩ?" ይላሉ። "ምን አደረግኩ? ንገሪኝ እንጂ።"

ነፃነት ጁነይድ ጋ ደወለች። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። እንደሚጮህባት ጠብቃ ነበር፤ አልጮኸም።

"ፀሐዩ ላይ ምን ያህል ቆዩ?"

"አላውቅም። እኔ ደርሼ እስክመለስ ድረስ ሊሆን ይችላል።"

"ታጥቦ እንደማይወጣ ክንድሽ ነግሮሻል" አለ። "ዋናው ብርሃን እንዳያገኘው ነው። በጥቁር ነገር ጠቅልያቸውና ሐኪም ቤት አምጫቸው። እኔ ቀድሜ እደርሳለሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ ለሐኪሟ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ሳያውቁ ሊያክሟቸው አይችሉም።"

"አንተ ላይም ይመጣብሃል።"

"ይምጣ። ቶሎ ነይ።"

ጎረቤታቸው ጋሽ ጎበና ማገዶ የሚያመላልሱባት አይሱዙ አለቻቸው። ነፃነት ጠርታቸው ሲመጡ ብዙ አልጠየቁም። የድንች ማዳበሪያ ለመሸፈን የተገዛ ጥቁር ፕላስቲክ አግኝተው እግሩን እስከ ጭን ድረስ ጠቀለሉት፤ በላዩ ላይ ጋቢ ደረቡ። ጋቢናው ውስጥ መስኮቱ ብርሃን ስለሚያስገባ ከኋላ በሸራ ሥር አስተኟቸው። እናቷ ከፊት ተቀመጡ። ነፃነት ከአባቷ ጋር ሸራው ሥር ገባች።

መንገዱ ቁልቁለት ነው። መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር አባቷ ያቃስታሉ። ሸራው ሥር የናፍጣና የባሕር ዛፍ ሽታ ታፍኗል። ነፃነት የአባቷን እጅ ይዛ የልብ ምታቸውን ትቆጥራለች፤ እየፈጠነ ሲሄድ ይሰማታል። ግንባራቸው ትናንት ቀዝቃዛ ነበር፤ አሁን ይፈጃል። ዶክተር ሄለን የፈሩት ትኩሳት ይኸው መጣ።

"ነፃነት" አሉ አባቷ።

"አቤት፣ አባዬ።"

"እናትሽን እንዳትቆጫት። ላድነው ብላ ነው።"

"አልቆጣትም። ጥፋቱ የሷ አይደለም።"

"ያንቺም እንዳይሆን። ልጄ ነሽ።" ከዚያ ዝም አሉ። ፈርታ ጠራቻቸው። አልመለሱም። ደግማ ስትጠራቸው ጣታቸውን ትንሽ አንቀሳቀሱላት። እስኪደርሱ ድረስ በየጊዜው ትጠራቸዋለች፤ በየጊዜው ያች ጣት ትንቀሳቀሳለች። አንድ ጊዜ ዘገየችባት። ነፃነት ሸራውን ቀድዳ ሰው ልትጠራ ስትል፣ ያች ጣት ተንቀሳቀሰች።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጁነይድ ቆሞ ነበር። ዶክተር ሄለንም አብረውት ነበሩ፤ እሑድ ከቤታቸው ተጠርተው እንደመጡ ልብሳቸው ይናገራል። ነፃነትን አላናገሯትም። መጋረጃው የተዘጋ ክፍል አስዘጋጅተው ነበርና ሽማግሌውን ወደዚያ አስገቧቸው። በደብዛዛ ቀይ መብራት ፕላስቲኩን ሲፈቱት ከጉልበት በታች ያለው ቆዳ በሙሉ ተነፍቶ፣ በአንዳንድ ቦታ ገርጥቶ፣ በአንዳንድ ቦታ ጠቁሮ ነበር።

ዶክተር ሄለን ወጥተው ከነፃነት ፊት ቆሙ።

"ከጉልበት በታች ልቆርጥላቸው ነበር" አሉ። "ጉልበት ያለው ሰው በሰው ሠራሽ እግር ዳገት ይወጣል። ጉቶውን የምሸፍንበት ቆዳ ግን አሁን የለም፤ ሞቷል። ከጉልበት በላይ መቁረጤ ነው። ዛሬውኑ። ደማቸው ውስጥ ገብቶ ከሆነ እሱም ላይበቃ ይችላል።"

"ገባኝ፣ ዶክተር።"

"የሚቀረውን በኋላ እንነጋገራለን" አሉና ተመልሰው ገቡ።

አቶ ዲንሳ ከቀዶ ጥገናው በሕይወት ወጡ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ግን ከቀዶ ጥገናው ይከፉ ነበር። ትኩሳቱ ይወርድና ሁሉም እፎይ ሲል ተመልሶ ይወጣል። አንዳንዴ ሰው አይለዩም፤ አንዳንዴ በኦሮምኛ ከሟች እናታቸው ጋር ያወራሉ። ነፃነት ከአልጋቸው አልተለየችም። ነርሷ መጋረጃውን ልታስተካክል እጇን በዘረጋች ቁጥር ትደነግጣለች። ኮሪደሩ ላይ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ መሬቱ ላይ አርፎ ስታይ ዞራ ታልፈዋለች። ክንዷ ላይ ያለው ቁስል አልጠገገም፤ በፋሻ ጠቅልላው ነበር።

በመሐል አንድ ቀን ተቋሟ ሄዳ ለኃላፊው ያደረገችውን ሁሉ ተናገረች፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ ምንም ሳታስቀር። ከሥራ ታገደች። ማጣራቱ እስኪያልቅ ምርምሩም እንዲቆም ተደረገ። ጁነይድ የዓመታት ልፋቱ በር ሲቆለፍበት ቆሞ አየ።

እሱ ግን ሐኪም ቤት መምጣቱን አልተወም። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀመጠና፣ "የተቆረጠውን መርምረውታል" አላት። "ልትሰሚው ትፈልጊያለሽ?"

"ንገረኝ።"

"ቁስሉ ላዩ ላይ አንድም ባክቴሪያ አልተገኘም። መድኃኒቱ ብርሃን በደረሰበት ሁሉ ሠርቷል። አጥንቱ ውስጥ ግን እንዳለ ነው። እዚያ ብርሃን አይደርስም፤ የኛ መብራትም ቢሆን አይደርስም ነበር።"

"እኔ በትክክል ባደርገውም አይድንም ነበር ማለት ነው።"

"አይድንም ነበር" አለ ጁነይድ። ሊያጽናናት ብሎ የጨመረው ነገር የለም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። አንድ ጠዋት አቶ ዲንሳ ነቅተው ገንፎ ጠየቁ። ዶክተር ሄለን ደማቸው መጽዳቱን ሲናገሩ፣ በመጀመሪያ ያለቀሱት ጋሽ ጎበና ነበሩ። ወይዘሮ ብርቄ አላለቀሱም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ የሚናገሩት እየመጠኑ ነው። ያን ዕለት ግን ነፃነትን ወደ ኮሪደሩ ጠሯት፤ እጇን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"እውነቱን ንገሪኝ" አሉ። "ጉልበቱን ያሳጣሁት እኔ ነኝ አይደል?"

"አይደለሽም።"

"ሐኪሟ ስታወራ ሰምቻለሁ። ፀሐይ ነው ያቃጠለው አለች። ፀሐይ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"ፀሐይ እንደሚያቃጥለው አውቅ ነበር፣ እማዬ" አለች ነፃነት። "አይጦች ላይ ሞክረነው ነበር። ተቃጠሉ፤ የሞቱም አሉ። እኔ አንቺ ጋ ስደርስ ይሠራል የሚለውን ብቻ ነገርኩሽ።"

ወይዘሮ ብርቄ ዞር ብለው አዩዋት። "የቀረውን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፊትሽ ፈክቶ ነበር። ልነግርሽ ስል ፈራሁ። ጠዋትም ስለ ፀሐይ ስትጠይቂኝ ቆም ብዬ አልመለስኩልሽም።"

"ብትነግሪኝ እኮ አልነካውም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

እናቷ እጃቸውን ከእሷ እጅ ላይ አነሱ። ነፃነት ይቅርታ ልትል ፈልጋ ነበር፤ ግን ቃሉ ትንሽ መስሎ ታያትና አፏ ላይ ቀረ። በመጨረሻ ወይዘሮ ብርቄ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ።

"ዛሬ ምንም አልልሽም" አሉ። "ሆዴ ገና አልበረደም።"

ወደ ክፍሉ ገቡ። ነፃነት አግዳሚው ላይ ብቻዋን ቀረች። በተከፈተው በር አባቷ ጎናቸውን መለወጥ እንደሚፈልጉ ሲናገሩ፣ እናቷ ሲታገሉ፣ አልጋው ሲጢጥ ሲል ሰማች።

"ነይ" አሉ እናቷ ከውስጥ። "ወገቡን ያዢልኝ፤ ብቻዬን አልችለውም።"

ነፃነት ተነስታ ገባች።